ነጠብጣብ ለሚቆጥሩ

አተር ማሳ ላይ ክሽክሽ ሲፈላ ባለነጠብጣብ ጥንዚዛዎችም አብረው ይበዛሉ። ያኔ አርሶ አደሮቹ በመዳፋቸው ይዘው ይመጡና «ይቺስ የምን ዘር ናት?» ይሉኛል። አንዷ ቀይ ናት፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት፤ ሌላዋ ጥቁር ሆና ብርቱካናማ የጨረቃ ቅርጽ ጣል ጣል ያለባት፤ ሦስተኛዋ ምንም የሌላት ቢጫ። በዓለም ላይ የእነዚህ ጥንዚዛዎች 6,000 ያህል ዝርያ ስለሚታወቅ ጥያቄው አግባብ ነው።

ግን መልክ የተለየ ሁሉ ዘሩ የተለየ አይደለም። ሂፖዳሚያ ቫሪዬጋታ የምትባለው አንዳንዷ ጥቂት ነጠብጣብ ብቻ ይኖራታል፣ አንዳንዷ እስከ 13። ባዶዋ ቢጫ ደግሞ ገና ከፒዩፓዋ (ወደ ጥንዚዛ ከምትለወጥበት ሽፋን) የወጣች ልትሆን ትችላለች፤ ጥቁሩ በሰዓታት ውስጥ ይወጣላታል። ከዚያ በኋላ ነጠብጣብ አይጨመርም፤ ዕድሜ ይቆጠርበታል የሚሉት ተሳስተዋል።

በመልክ መለያየት የእስያዋን ሃርሞኒያ አክሲሪዲስን የሚያህል የለም። ከ200 በላይ መልክ ተመዝግቦላታል። የቻይናው የዘረመል ሊቅ ታን ጂያዠን እ.ኤ.አ. በ1946 እንዳሳየው፣ ከአንዱ ወላጅ ከፊት በኩል ጥቁር፣ ከሌላው ከኋላ በኩል ጥቁር የወረሰች ልጅ ሁለቱንም ደርባ ትለብሳለች፤ በየቦታው ጥቁሩ ቀዩን ያሸንፋል። ይህን ሁሉ የሚያዝዘው ፓኒየር የተባለ አንድ ዘረመል መሆኑ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ብርድም እጁ አለበት፤ በቅዝቃዜ ያደገችው ትጠቁራለች፣ ጥቁረቷም ፀሐይ ቶሎ እንድትሞቅ ይረዳታል።

ለሥራዬ የሚከብደው ቅጠል በሊታዋ ናት። ቺኑትሪባ ሲሚሊስ የገብስና የጤፍ ቅጠል እየፋቀች ነጫጭ መስመር ትተዋለች፤ ነጠብጣቧን ያየ ግን ክሽክሽ የምትበላዋ ወዳጅ ናት ብሎ ያልፋታል። እኔ ጀርባዋን ወደ ብርሃን አዞራለሁ፦ ደብዛዛና ፀጉራም ከሆነ እጠረጥራለሁ፣ የሚያብለጨልጭ ከሆነ እተዋታለሁ። (ፀጉራም ሆነው ክሽክሽ የሚበሉ እጅግ ጥቃቅን ዘመዶችም ስላሏት፣ ጥርጣሬዬን የምዘጋው ቅጠሉን አይቼ ነው።)

የወዳጇ ልጅ ደግሞ እናቷን ጨርሶ አትመስልም። ጥቁር፣ ረዘም ያለች፣ ብርቱካናማ ምልክት ያለባት፣ እንደ ትንሽ አዞ የምትሳብ ናት። ክሽክሹን በብዛት የምትጨርሰው እሷ ሆና ሳለ፣ አርሶ አደሮቹ ተባይ መስላቸው ፀረ ተባይ መርጨት የሚጀምሩት እሷን ሲያዩ ነው። ክሽክሽ ያለ ወንድ ስለሚራባ ከርጭት በኋላ በቀናት ውስጥ ያገግማል፤ ጥንዚዛዋ ግን ከእንቁላል እስከ ክንፍ ሳምንታት ያስፈልጓታል።