በዓመት አንዴ ባሕር ለሚገባ ሰው ቴክኒካል ዳይቪንግ ያዋጣል?

ዱባይ የሚሠራ አንድ ጓደኛ አለን። በዓመት አንዴ ፈቃድ ሲወጣ ግብፅ ሄዶ ቀይ ባሕር ውስጥ አምስት ስድስት ቀን ይጠልቃል፣ ከዚያ ወደ ሥራው። በአራት ዓመት ውስጥ 26 ጊዜ ጠልቋል። ዘንድሮ አሠልጣኙ «አንተማ ጎበዝ ነህ፣ ለምን ቴክኒካል ኮርስ አትወስድም?» አለው። ደስ ብሎት ደወለልን። ዋጋውን ሲነግረን ደነገጥን፣ ግን ያሳሰበን ብሩ ብቻ አልነበረም።

ልውሰድ ወይስ ይቅርብኝ? መልሱ ከጉብዝና ጋር ብዙም አይገናኝም።

ለመዝናናት የሚደረገው ዳይቪንግ ገደብ አለው። በፓዲ ሥልጠና የመጀመሪያው ደረጃ እስከ 18 ሜትር፣ ቀጣዩ እስከ 30 ሜትር ይፈቅዳል፤ የመጨረሻው ጣሪያ 40 ሜትር ነው። ከሜትሩ በላይ ግን ዋናው ሕግ ሌላ ነው፦ ምንም ችግር ቢፈጠር ቀስ ብላችሁ በቀጥታ ወደ ላይ መውጣት መቻል አለባችሁ። አየር ቢያንሳችሁ፣ ማስኩ ቢያስቸግራችሁ፣ ዝም ብሎ ቢያስፈራችሁ እንኳን ትወጣላችሁ፣ በቃ።

ቴክኒካል ዳይቪንግ የሚጀምረው ይሄ መውጫ ሲዘጋ ነው።

እንዴት ይዘጋል? ጠላቂዎች ጀርባ ላይ የሚያዝሉት ሲሊንደር ብዙ ሰው እንደሚለው «ኦክስጅን» አይደለም። አሁን የምንተነፍሰው ተራ አየር ተጨምቆ ነው፣ አብዛኛው ደግሞ ናይትሮጅን ነው። ውሃ ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ እጅ ግፊት ይጨመራል፤ 40 ሜትር ላይ ግፊቱ ከላይ ካለው 5 እጥፍ ይደርሳል። በዚህ ግፊት ናይትሮጅኑ ደማችሁና ሥጋችሁ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብላችሁ ከወጣችሁ በትንፋሽ ይወጣል። ከቸኮላችሁ ግን የአምቦ ውሃ ክዳን በአንዴ ሲከፈት የሚሆነውን አስቡት። ያ አረፋ መገጣጠሚያ ውስጥ ሲሆን ከባድ ሕመም ነው፤ አከርካሪ ወይም አንጎል ውስጥ ሲሆን ሽባ ሊያደርግ፣ ሊገድልም ይችላል።

ቴክኒካል ጠላቂ ታች ብዙ ስለሚቆይ ወይም በጣም ስለሚወርድ በቀጥታ መውጣት አይችልም። እየወጣ በየደረጃው መቆም አለበት፤ አንዳንዴ ለጥቂት ደቂቃ፣ አንዳንዴ ከሰዓት በላይ። ፀሐዩ ከላይ ይታየዋል፣ ጀልባዋም ትታየዋለች፣ ግን መሄድ አይችልም። ስለዚህ የሚበላሽ ነገር ሁሉ እዚያው ውሃ ውስጥ መጠገን አለበት። ዕቃው ሁሉ ሁለት ሁለት የሆነው ለዚህ ነው፦ ሁለት ሲሊንደር፣ ሁለት መተንፈሻ፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ በዚያ ላይ ለመውጫ የሚሆን ኦክስጅኑ የበዛ ሌላ ሲሊንደር በጎን።

አየሩን ደግሞ አብረን እናስላ። ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። የተረጋጋ ሰው ላይ ላዩን በደቂቃ 20 ሊትር ይተነፍሳል እንበል። 10 ሜትር ላይ 40 ሊትር ይሆናል፤ አንድ ሰዓት ማለት ነው። 40 ሜትር ላይ ግን በደቂቃ 100 ሊትር! 24 ደቂቃ ብቻ፣ እሱም ለመውጫ ምንም ሳያስቀሩ። የደነገጠ ሰው ደግሞ ከዚህ በጣም ይበልጣል። ከ30 ሜትር አካባቢ ጀምሮ ናይትሮጅኑ ራሱ ያሰክራል፤ ልክ ጠጅ እንደጠጣ ሰው ሁሉም ነገር ቀላል መስሎ ይታያል። ቀላል ሲመስል ነው የሚያስፈራው።

ሲና ውስጥ ዳሃብ የሚባል ከተማ አለ። እዚያ «ብሉ ሆል» የተባለ ከባሕሩ ዳርቻ አጠገብ ያለ ጥልቅ ጉድጓድ ይገኛል። 55 ሜትር አካባቢ ላይ ወደ ክፍቱ ባሕር የሚያወጣ ቅስት አለው፤ በውስጡ 26 ሜትር ያህል መጓዝ ይጠይቃል። ከወዲህ ሆኖ ሲታይ በወዲያ በኩል ያለው ብርሃን ቅርብ ይመስላል። ለመዝናኛ በሠለጠኑበት ልክ፣ በአንድ ሲሊንደር «አንዴ ልየውና ልመለስ» ብለው ወርደው የቀሩ ብዙ ናቸው። ገደሉ ላይ ስማቸው የተጻፈባቸው የመታሰቢያ ሰሌዳዎች ተለጥፈዋል። በ2000 እ.ኤ.አ. እዚያው 91 ሜትር ላይ የሞተው ሰው አሠልጣኝ ነበር፤ የራሱ ካሜራ የመጨረሻ ደቂቃዎቹን ቀርጿል። ቪዲዮውን ፈልጋችሁ እንድታዩት አንመክርም።

«ታዲያ ሥልጠናው እኮ ለዚህ ነው» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ችግሩ ሥልጠናው እጅ ላይ የሚቀረው ሲደጋገም መሆኑ ነው። ከጀርባ አየር ማፍሰስ ሲጀምር በጨለማም ቢሆን ትክክለኛውን ቫልቭ ዳስሶ መዝጋት፣ አየር ላለቀበት ጓደኛ ማካፈል፣ ይህን ሁሉ ሲያደርጉ 6 ሜትር ላይ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይሉ ቀጥ ብሎ መቆም… ይሄ በማስታወሻ ደብተር የሚያዝ ዕውቀት አይደለም። መንጃ ፈቃድ አውጥቶ 11 ወር መሪ ያልነካ ሰው፣ በመጀመሪያው ቀን የጫነ አይሱዙ ይዞ አባይ በረሃን እንዲወርድ ቢታዘዝ ማን ይሳፈራል? ተራ ጠላቂን እንኳ ግማሽ ዓመት ወይም አንድ ዓመት ከቆየ «መጀመሪያ ክለሳ ውሰድ» የሚሉ ማዕከላት ብዙ ናቸው።

ሌላም አለ። የፓዲ የመጀመሪያው ቴክኒካል ኮርስ ቴክ 40 ይባላል። 18 ዓመት የሞላው፣ ቢያንስ 30 ጊዜ የጠለቀ ይቀበላል። ጓደኛችን ገና 4 ይቀረዋል! ሲጨርስ የሚፈቀድለት ደግሞ 40 ሜትርና ቢበዛ የ10 ደቂቃ የመውጫ ማቆሚያ ነው። ያንን ሁሉ ከፍሎ ጥልቀቱ ያው 40 ሜትር። ከዚያ በላይ መሄድ ሌላ ኮርስ፣ ሌላ ዕቃ፣ እየጠለቀ ሲሄድም ሂሊየም የተቀላቀለበት ውድ ጋዝ ይጠይቃል።

ደግሞስ ታች ምን አለ? ኮራልና ቀለማቸው የሚያምር ዓሣዎች ብርሃን ባለበት፣ ላይኛው ውሃ ውስጥ ነው የሚበዙት። የቀይ ባሕር ዝነኛ የሰመጠ መርከብ ቲስልጎርም፣ በ1941 እ.ኤ.አ. በጀርመን አውሮፕላኖች ተመትታ ከነሞተር ሳይክሎቿና ከነካሚዮኖቿ የሰመጠችው፣ 30 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ለአዲስ አበባ ሰው ቅርብ የሆነችው ጅቡቲ ደግሞ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የዓለም ትልቁን ዓሣ፣ ዌል ሻርክን፣ ታሳያለች። እሱን ለማየት ሲሊንደርም አያስፈልግም፤ ማስክና መተንፈሻ ቱቦ ይበቃል።

ለበዓመት አንዴ ጠላቂ እኛ የምንመርጠው ናይትሮክስ ነው። ቀላልና አጭር ኮርስ ነው። ኦክስጅኑ 32 በመቶ የሆነ አየር ሲተነፈስ ናይትሮጅኑ ስለሚቀንስ፣ በፓዲ ሰንጠረዥ 30 ሜትር ላይ ያለ ማቆሚያ የሚፈቀደው 20 ደቂቃ ወደ 30 ያድጋል። ይጠንቀቁ ግን፦ ጠልቆ ለመሄድ አይደለም፤ ኦክስጅኑ ራሱ መርዝ ስለሚሆን 33 ሜትር ገደማ ላይ ያበቃል። በተረፈው ብር የነፍስ አድን ኮርሱን ውሰዱ።

ቴክኒካሉ ለማን ነው ታዲያ? ባሕር አጠገብ ለሚኖር፣ በየወሩ ለሚገባ፣ እንደሱ የሠለጠነ ቋሚ ጓደኛ ላለው። ይሄ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ለዕረፍት ስትሄዱ ጀልባ ላይ ከማታውቁት ሰው ጋር ነው የምትጣመሩት። አሠልጣኙን «ኮርሱን ከጨረስኩ በኋላ ከማን ጋር ነው የምጠልቀው?» ብላችሁ ጠይቁት።

ወደ አዲስ አበባ ለምትመለሱ አንድ ነገር። ከጠለቁ በኋላ ወዲያው መብረር ያንኑ አረፋ ይቀሰቅሳል። የተለመደው ምክር አንዴ ብቻ ከጠለቁ 12 ሰዓት፣ ለተከታታይ ቀናት ከጠለቁ 18 ሰዓት መጠበቅ ነው። የመውጫ ማቆሚያ ካለበት ግን ከ18 ሰዓትም በደንብ መብለጥ አለበት፤ ብዙዎች ቢያንስ 24 ሰዓት ይላሉ። የአምስት ቀን ዕረፍት ላለው ሰው አንድ ሙሉ ቀን ሄደ ማለት ነው። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ራሷ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ስለዚህ ቦሌ መውረድ ማለት ከአውሮፕላኑ ከፍታ መውረድ ማለት አይደለም። ሌሎች ሲያርፉ ወደ ባሕር ጠለል ይመለሳሉ፣ እኛ እዚያው ነን። መገጣጠሚያ ላይ ሕመም፣ መደንዘዝ ወይም ማዞር ከተሰማችሁ «መንገዱ ነው» ብላችሁ አትተኙ፤ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ መጥለቃችሁን ተናገሩ።

ጓደኛችን ለጊዜው ናይትሮክሱን ወስዷል። ዱባይ እየኖረ ለመጥለቅ ግብፅ ድረስ በዓመት አንዴ መጠበቁ ግን አስቆናል፤ ፉጃይራ እኮ በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም። አሁን በወር አንድ ቅዳሜ እዚያ ሊሄድ አስቧል። ከዓመት በኋላ ስንት ቅዳሜ እንደሄደ ቆጥሮ፣ ስለ ቴክኒካሉ ያኔ እንደገና ይደውልልናል።