ፊዚክስ ደረሳችሁ? ለማስቀየር ከመሮጣችሁ በፊት ሂሳቡን አብረን እንሥራ

የዲፓርትመንት ምደባ በወጣ ቁጥር ኢንቦክሳችን በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይሞላል፦ "ፊዚክስ ደረሰኝ፤ ልማር ወይስ ትቼው ሥራ ልፈልግ?" ብዙዎቹ ሶፍትዌር ወይም ሕክምና ሞልተው ነጥባቸው ስላልበቃ ነው ፊዚክስ የገቡት። ቤተሰብ ደግሞ "አራት ዓመት ለፍተህ አስተማሪ ልትሆን ነው?" ይላል።

እኛ ራሳችን ዲግሪ የለንም። ስለዚህ "ተማሩ" ወይም "ተዉት" ብለን አንሰብክም። ወጪውንና ጥቅሙን ግን ጎን ለጎን እናስቀምጥላችሁ።

ወጪው ምንድነው?

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነፃ ይመስላል እንጂ ነፃ አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ኮስት ሼሪንግ አለ። የምግብና የዶርም ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ የተወሰነው በስማችሁ ይመዘገባል። ኖን ካፌ ሆናችሁ በእጃችሁ የምትቀበሉት ብርም ዕዳ ነው። ውሉን በየዓመቱ ስትፈርሙ አንብቡት፣ ፎቶም አንሡት።

ሥራ ስትይዙ በየወሩ ከደሞዛችሁ ቢያንስ 10 በመቶ ይቆረጣል። ደሞዛችሁ 10,000 ብር ነው ብንል 1,000 ብር ሄደ ማለት ነው። ዕዳው እስኪያልቅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በቴምፖ ነው የምትቆዩት።

ትልቁ ወጪ ግን ደረሰኝ የለውም፤ ጊዜ ነው። ከፍሬሽማን ጋር 4 ዓመት፣ ማለትም 48 ወር። በዚህ ጊዜ ውጭ ሠርታችሁ በወር 6,000 ብር ታገኛላችሁ እንበል፤ በድምሩ 288,000 ብር ይሆናል። ያስደነግጣል አይደል? ነገሩ ግን ውጭ የሚሠራ ሰው ከዛ ላይ ኪራይና ምግብ ይከፍላል። ግቢ ያለ ተማሪ ሁለቱንም በዱቤ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ማነጻጸር ያለባችሁ 288,000ውን ሳይሆን ከወጪ በኋላ እጃችሁ ላይ የሚተርፈውን ነው።

ሌላም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናውን ያላለፈ ዲግሪ አያገኝም። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። እየጠላችሁ አራት ዓመት ከተማራችሁ፣ ጊዜውም ዕዳውም ላይ ሆኖ ባዶ እጅ መውጣት አለ።

በምላሹስ?

እውነቱን እንናገር፤ "ፊዚሲስት እንፈልጋለን" የሚል ማስታወቂያ ቦርድ ላይ ብዙም አታዩም። መንገዶቹ እነዚህ ናቸው፦

1. ማስተማር። ቅርቡ መንገድ ይሄ ነው። የአፕላይድ ዲግሪ ከሆነ የማስተማር ድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ (ፒጂዲቲ) ይጨመርበታል። ደሞዙ ትንሽ ነው፤ ቱቶሪያል ግን ተጨማሪ ገቢ ይሆናል።

2. በመጀመሪያ ዲግሪ የሚሞከሩ። የአየር ትንበያ፣ የመለኪያ መሣሪያዎችን የሚፈትሸው ሥነ ልክ እና የጨረር ደኅንነት ቁጥጥር። ቦታው ጥቂት ነው፣ ግን ፊዚክስ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

3. በሁለተኛ ዲግሪ የሚከፈቱ። አንዱ ሜዲካል ፊዚክስ ነው። አንድ የካንሰር ታካሚ ጨረር ሲታዘዝለት፣ መጠኑ ዕጢውን መትቶ ጤነኛውን አካል እንዳይጎዳ የሚያሰላውና ማሽኑን የሚፈትሸው ሜዲካል ፊዚሲስት ነው። ሌላው ስፔስ ሳይንስ ነው፤ አገራችን በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን ሳተላይት ማምጠቋን ታስታውሳላችሁ።

4. ውጭ አገር መማር። ብዙ ሰው የማያውቀው ይሄን ነው። አሜሪካ ውስጥ ፊዚክስ ፒኤችዲ የሚማር ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም፤ እያስተማረ ወይም እየተመራመረ ይከፈለዋል። ማስተርስ የማይጠይቁም ብዙ ናቸው። ጣሊያን ትሪየስቴ ያለው የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከልም (አይሲቲፒ) ከታዳጊ አገራት ለሚመጡ ሙሉ ወጪ የሚሸፍን የአንድ ዓመት ዲፕሎማ አለው። ውድድሩ ግን ከባድ ነው፤ ከፍተኛ ውጤትና ጥሩ እንግሊዝኛ ይፈልጋል።

ልዩነቱን የሚያመጣው

ዲግሪው ብቻውን በር አይከፍትም። ጎን ለጎን ፓይተን የተማረ የፊዚክስ ተመራቂ ወደ ዳታ ሥራ መሻገር ይችላል፤ ሂሳቡን አስቀድሞ ይዞታልና። ለዚህ የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ነፃ ኮርሶች አሉ፣ ስልካችሁ ለመጀመር ይበቃል። ኤሌክትሮኒክስ ጥገና የለመደም ምደባ ሳይጠብቅ ገቢ ይኖረዋል።

ከመወሰናችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦
• ሂሳብ እወዳለሁ ወይስ ቢያንስ እችለዋለሁ?
• ከዲግሪው በኋላ ሁለት ዓመት ለመጨመር ዝግጁ ነኝ?
• ዛሬ ብተወው በእጄ ያለው ሥራ ምንድነው?

ለሦስተኛው መልስ ከሌላችሁ መተው ራሱ ዕቅድ አይደለም። ለሁለቱ "አዎ" ካላችሁ ግን ፊዚክስ የተጣለባችሁ ዕጣ ሳይሆን ብዙ ተፎካካሪ የሌለበት መንገድ ሊሆን ይችላል።

ፊዚክስ ተምራችሁ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ምን እንደምትሠሩ ኮሜንት ላይ ጻፉላቸው። ምደባ ለሚጠብቁ ወንድም እህቶቻችሁም አድርሱት።