ስለ ርቀት ትምህርት፤ የፋናር ምሳሌ

ፋናር ከቤይሩት በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ባሕሩን ቁልቁል በሚመለከት ኮረብታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟ በዐረብኛ ለመርከበኞች የሚበራ የባሕር መብራት ማለት ነው፤ ለእኛም ጆሮ ፋና ከሚለው ቃል አይርቅም። በ1951 የተመሠረተው የሊባኖስ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስን ትምህርት ጨምሮ አንዳንድ ክፍሎቹን በዚህች ከተማ አኑሯል። (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ አገር የእጅ ስልክ የቅንጦት ዕቃ እንዳልሆነ ኦክቶበር 17 ቀን 2019 ታይቷል። መንግሥት በዋትስአፕ በሚደረግ ጥሪ ላይ በወር 6 ዶላር ገደማ ሊያስከፍል ማሰቡ በተሰማ ጊዜ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። አሳቡ በዚያው ቀን ተሻረ፤ ነገር ግን ቁጣው የቆየ ብሶት ነበረበትና አልበረደም።

በ2020 በኮሮና በሽታ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ ይኸው ስልክ የመምህሩ ሰሌዳ ሆነ። ትምህርቱም በሁለት መንገድ ይሰጣል። አንደኛው መምህሩና ተማሪዎቹ በአንድ ሰዓት እየተያዩ የሚነጋገሩበት ነው፤ ሁለተኛው መምህሩ ቃሉን ቀድቶ የሚልክበትና ተማሪው በተመቸው ጊዜ የሚሰማበት ነው። በቀጥታ የሚታየው ትምህርት በሰዓት ብዙ መቶ ሜጋባይት ይፈጃል፤ የተቀዳ ድምፅ ግን በጥቂት ሜጋባይት ይደርሳል። ይህ ልዩነት ለባለጸጋ ቀላል ነው፤ ለድኃ ተማሪ ግን የመማርና ያለመማር ጉዳይ ነው።

በ2021 ይህ ነገር በግልጥ ታየ። የሊባኖስ ገንዘብ ከዋጋው ከዘጠኝ እጅ በላይ አጥቶ፣ ነዳጅም ጠፍቶ፣ የመንግሥት መብራት በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ይመጣ ነበር፤ ኦክቶበር 9 ቀን ጭራሹን በአገሩ ሁሉ ጠፋ። የመብራት ሞተር የሌለው ቤት ትምህርቱም ተቋረጠበት። በስመ መብራት የተጠራችው ከተማ ከዚህ ጨለማ አላመለጠችም።

ለኢትዮጵያም ተማሪ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በ2020 ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው ሳሉ፣ ከጁን 30 ጀምሮ ኢንተርኔት ከሁለት ሳምንት በላይ ተቋርጦ ነበር።

እንግዲህ መሣሪያው ቃልን ያደርሳል፤ መማርን ግን ብቻውን አያጸናም። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለየኔታ ይነግራል፤ እርሳቸውም ሰምተው ያርሙታል፤ የተማሪው ዕውቀት የሚገለጠው በዚያ ነው። በስልክ መስኮት ግን ተማሪው ምስሉን ሲዘጋ ለመምህሩ የሚታየው ስሙ ብቻ ነው። ሰምቶ ይሁን ተኝቶ አይታወቅም።

ስለዚህ በርቀት የሚያስተምር ሰው ትምህርቱን በአጭር ድምፅ ቀድቶ ቢልክ፣ የተገናኙበትንም ውድ ሰዓት ለጥያቄና ለእርማት ቢያውለው ይሻላል። ቃሉ መብራት እስኪመጣ ሊጠብቅ ይችላል፤ ተማሪውን መስማት ግን ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።