ከባለቤቶቻቸው ጋር ያረጁ ቤቶች

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከቦሌ ድልድይ ተነሥቶ በገርጂና በጉርድ ሾላ በኩል እስከ ኮተቤና እስከ ሲኤምሲ በሚዘልቀው ሰፈር፣ በአዳዲሶቹ የመስተዋት ሕንፃዎች መካከል ተሸሽገው የቀሩ፣ የቆርቆሮ ክዳናቸው የዛገ፣ ግንባቸው የተሰነጠቀ፣ ሆኖም በውስጣቸው አርባና ኀምሳ ዓመት በሥርዓት የኖረ ቤተ ሰብ ያለባቸው መኖሪያዎች ብዙ ናቸው። መንገደኛው ዓይኑን ወደ ፎቁ አንሥቶ ሲያልፍ እነዚህን አያስተውላቸውም፤ ቢያስተውላቸውም የባለቤቶቹ ቸልተኝነት ይመስለዋል። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይኸው ግምት ነው፤ ምክንያቱም የእነዚህ አረጋውያን ገቢ በአሮጌው ብር ተተምኖ ባለበት ሲቀር፣ የቤታቸው ጥገና ግን በዛሬው የዶላር ምንዛሪ የሚሰላ ሆኗል፤ በዚህ መካከል የተከፈተውንም ገደል ከመንግሥትም ከባንክም ወገን እስከ ዛሬ ከልብ የተመለከተው የለም።

የነገሩን ሥር ለማየት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይላል። ቦሌ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው በ1950ዎቹ ከልደታ ወደዚያ እስኪዛወር ድረስ፣ ከከተማው ዳር የነበረ የእርሻና የግጦሽ ምድር ነበር፤ አስፋልቱ ከተዘረጋ በኋላ ግን ሹማምንት፣ የአየር መንገዱ ሠራተኞችና ነጋዴዎች ቦታ እየገዙ ቪላ ይሠሩበት ጀመር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ በሙሉ የመንግሥት ባደረገ ጊዜ፣ አንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ ለመሥሪያም የሚሰጠው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ትርፍ የተባለውም ቤት ሁሉ ተወረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመካከለኛው ሰው ጥሪት በአንዲት ቤት ውስጥ ተጠቃሎ ቀረ። ቤት ያልነበረው መምህርና የቢሮ ሠራተኛም በማኅበር እየተደራጀ፣ በ1968 ዓ.ም. ከተቋቋመው ከቤትና ቁጠባ ባንክ እየተበደረ፣ ዛሬም ሕዝቡ «የማኅበር ቤት» እያለ የሚጠራቸውን መኖሪያዎች አቆመ። ያን ጊዜ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር ነበር፤ ጣሪያው ላይ የተመታው ቆርቆሮም የተገዛው በዚያ ምንዛሪ ነው። ቤቱን ሲሠራ የሠላሳ አምስት ዓመት ጎልማሳ የነበረው ሰው ዛሬ ሰባ አምስቱን ደርሷል፤ ቆርቆሮውም አርባ ክረምት ተሸክሟል።

የምሥራቅ አዲስ አበባን ቤት በተለይ የሚያስቸግረው ምድሩ ነው። ከቦሌ እስከ አያት ያለው ሜዳ በብዛት መረሬ ነው፤ ይህ ጥቁር ሸክላማ አፈር ክረምት ሲገባ ውሃውን ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ሲሆን ደርቆ ይኮማተራል፣ እጅ የሚያስገባ ንቃቃትም ይከፍታል። መሠረቱ ከዚህ ከሚነቃነቀው ድርብ አልፎ ያልወረደ ቤት በየዓመቱ አንድ ጊዜ ከፍ አንድ ጊዜ ዝቅ ይላል፤ ንቅናቄውም በአንድ ወገን ሲበረታ ግንቡ ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ይሰነጠቃል፣ በሩ አልገጥም ይላል፣ የወለሉ ሊሾ ይነሣል። ብዙ ሰው ስንጥቁን ባየ ጊዜ ግንበኛ ጠርቶ በጀሶና በሲሚንቶ ያስደፍነዋል፤ በሚመጣው ዓመት ስንጥቁ በዚያው መስመር ተመልሶ ይከፈታል፤ የጡረተኛውም ገንዘብ እንዲሁ በየዓመቱ ግንብ ውስጥ ይቀበራል። መድኃኒቱ ያለው ከግርጌ ነው፦ የጣሪያውን ውሃ በአሸንዳ ሰብስቦ ከቤቱ ማራቅ፣ የግንቡን ዙሪያ በአርማታ ማልበስ፣ ከመሬት ውስጥ የሚያፈሰውን የውሃ ቧንቧና የፍሳሽ ጉድጓዱን ማስጠገን፣ ትልቅ ዛፍ ከግንቡ ጥግ አለማብቀል። ይህ ሁሉ ከልስን የሚበልጥ ወጪ የሚጠይቅ፣ ግን አንድ ጊዜ ከተሠራ ብዙ ዓመት የሚያሳርፍ ሥራ ነው፤ ገንዘቡን አንድ ላይ ማግኘት ያልቻለው አረጋዊ ግን ርካሹን ጥገና እየደጋገመ ውሎ አድሮ ከውዱ የሚበልጥ ይከፍላል። በዚህም ላይ ከአጥሩ ማዶ ለባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ጥልቅ ጉድጓድ በተቆፈረ ጊዜ፣ የመሬቱ ውሃ መሄጃውን ይለውጣል፣ አፈሩ ወደ ጉድጓዱ ያዘነብላል፤ አሮጌው ግንብም የጎረቤቱን ብልጽግና በስንጥቅ ይቀበላል። የሕንፃው ባለቤት ጉዳቱን እንዲክስ መጠየቅ የሕግ መብት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ይሁንና ስንጥቁ ከቁፋሮው በፊት እንዳልነበረ የሚያስረዳ ፎቶግራፍና የባለሙያ ምስክርነት አዘጋጅቶ ፍርድ ቤት የሚመላለሰው ስንቱ የሰማንያ ዓመት ሰው ነው?

አበው በጭቃ ቤት ሲኖሩ ጥገና የዓመቱ ሥርዓት አካል ነበር። ጭቃውና የጤፉ ጭድ ከደጅ፣ ማገሩ ከባሕር ዛፉ፣ ጉልበቱም ከዘመድና ከጎረቤት ስለሚገኝ፣ የተሸረሸረው ምርግ ከክረምት በኋላ ይመረግ፣ ያረጀው ቋሚ ይለወጥ ነበር፤ ቤቱ ደካማ ቢሆንም ጥገናው በባለቤቱ አቅም ልክ ነበር። የብሎኬትና የቆርቆሮው ቤት ብርቱ ቢሆንም አንዳች የሚጠገንበት ነገር በነጻ አይገኝም። ቆርቆሮው ከውጭ አገር በሚገባ ጥቅል ብረት ይሠራል፤ ፌሮው፣ የቀለሙ ቅመም፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው፣ የመታጠቢያው ዕቃ ሁሉ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል፤ በላዩም 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይደረብበታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ በለቀቀ ጊዜ፣ እስከዚያ ቀን በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አገር ውስጥ የሚመረተው ሲሚንቶ እንኳ ቀደም ብሎ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ከገበያ ጠፍቶ፣ አንዱ ኩንታል ከ1,000 ብር በላይ ሲጠየቅበት አይተናል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በሰሜን ሸዋ የተመረቀው የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ የዕቃውን ችግር አቃልሎታል፤ የአንድ ክፍል ወለል ለማስጠገን አምስት ኩንታል ለሚፈልግ ሰው ግን የፋብሪካው ዋጋ ሳይሆን የሰፈሩ ቸርቻሪ ዋጋ ነው የሚደርሰው።

ዕቃው ከተገኘ በኋላ «የእጅ» የሚባለው ክፍያ አለ። ጥሩ ግንበኛ፣ ጥሩ አናጢ፣ ጥሩ የቧንቧ ሠራተኛ በትልልቁ ግንባታ ለወራት የሚዘልቅ ሥራ እያገኘ፣ ለሁለት ቀን ጥገና ወደ አንድ ጡረተኛ ግቢ ለመምጣት አይቸኩልም፤ ልፈርድበትም አልችልም፣ እርሱም የቤት ኪራይ አለበት። ስለዚህ ወደ ሽማግሌው በር የሚመጣው ብዙ ጊዜ በደላላ የተላከ፣ ሥራውን በመማር ላይ ያለ ልጅ ነው። «እማማ፣ ዕቃው የእርስዎ፣ እጁ የእኔ» ብሎ ቀብድ ይቀበላል፤ ምን ያህል ዕቃ እንደሚበቃ የሚያሰላ፣ የተሠራውንም ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሚያረጋግጥ ሰው በቤቱ የለም፤ አሮጊቷ መሰላል አትወጣም። ጥገናው የተበላሸ መሆኑ የሚታወቀው በሐምሌ፣ ኮርኒሱ ውሃ መቋጠር ሲጀምር ነው፤ ያን ጊዜ ሠሪው ስልኩን ለውጧል። የሙያ ማረጋገጫ ያላቸውን ጠጋኞች መዝግቦ ለሰፈሩ የሚያሳውቅ ወረዳ ቢኖር ይህ በደል ግማሹ በቀረ ነበር።

ወደ ገቢው እንመለስ። በ2003 ዓ.ም. በወጣው የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 ስሌት መሠረት፣ ዐሥር ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኝ ነበር፤ ከዚያ በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለት ነበር፤ ጠቅላላው ግን ከ70 በመቶ አያልፍም ነበር። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ መምህር እንግዲህ የሚደርሰው 55 በመቶ ነው፤ ያውም ጡረታ ሲወጣ ከነበረው ደመወዝ። አልፎ አልፎ ጭማሪ ቢደረግም፣ የዋጋ ንረቱ በ2014 ዓ.ም. እንደታየው በአንድ ዓመት ከ30 በመቶ በላይ ሲሮጥ፣ ጭማሪው ምግቡንና መድኃኒቱን ሳያዳርስ ያልቃል፤ ወደ ጣሪያው የሚተርፍ የለም።

ይህን ያወቁ ብልሆች በግቢያቸው ጓሮ ሰርቪስ ሠርተው ያከራያሉ፤ ለብዙ መበለት ሦስት የሰርቪስ ክፍል ከጡረታው የሚበልጥ መተዳደሪያ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ የኪራዩም ጭማሪ መንግሥት በሚወስነው ልክ እንዲሆን አድርጓል። በየስድስት ወሩ «ጨምሩ ወይም ልቀቁ» ይባል የነበረውን ተከራይ ያሳረፈ ሕግ ነውና እደግፈዋለሁ፤ ነገር ግን ሠላሳ ክፍል የሚያከራየውንና ሁለት ክፍል የምታከራየውን የሰባ ስምንት ዓመት እናት በአንድ ዓይን ማየቱ ርትዕ አይመስለኝም። ኪራይዋ በሕግ ሲገታ የቆርቆሮዋ ዋጋ አልተገታም፤ ተከራዩም የሚተኛው በዚያው በሚያፈሰው ጣሪያ ሥር ነው።

ልጅ በአሜሪካ ወይም በአረብ አገር ያለው ከዚህ ሁሉ ይወጣል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የሚላከው ዶላር ቀድሞ ያወጣ ከነበረው ብር ከእጥፍ በላይ ስለሚያወጣ፣ በአንድ መንደር ውስጥ የልጆቹ መኖሪያ የት እንደ ሆነ ጣሪያውን አይቶ መናገር ይቻላል። ልጅ የሌለው፣ ወይም ልጁ እዚሁ በደመወዝ የሚኖር፣ ድርሻው መጠበቅ ነው።

የከተማው አስተዳደር በየክረምቱ በበጎ ፈቃድ የአቅመ ደካሞችን ቤት እያሳደሰ ለባለቤቶቹ ቁልፍ ያስረክባል። የሚመሰገን ሥራ ነው፤ ዝናም ከሚወርድበት ጎጆ ወጥታ ደረቅ አልጋ ላይ ያደረችን እናት ደስታ የሚያቃልል ሰው ልብ የለውም። ነገር ግን የምርጫው ሚዛን ድኽነት ስለ ሆነ፣ የቦታ ካርታ በእጁ ያለው የቦሌ ጡረተኛ በዝርዝሩ ውስጥ አይገባም፤ እንዲያውም በሰው ዘንድ እንደ ባለጸጋ ይቈጠራል። የቦታው ዋጋ በሚሊዮን የሚጠራ መሆኑ እውነት ነው፤ ያን ሚሊዮን ለማግኘት ግን ቤቱን ሽጦ፣ ጎረቤቱን፣ ዕድሩን፣ የንስሐ አባቱንና ሊቀበርበት የሚመኘውን ደብር ትቶ መሄድ ይኖርበታል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የንብረት ግብር አዋጅ ቁጥር 1365 የግብሩን መነሻ ከንብረቱ የገበያ ዋጋ ጋር ሲያያይዘው፣ ቦታው የከበረ ነገር ግን ኪሱ ባዶ የሆነው ሰው የሚደርስበት ሸክም እንዲከብድ ሆነ። በጡረታ ብቻ ለሚኖር፣ በገዛ ቤቱ ለሚያድር አረጋዊ፣ ለጥገና ያወጣው ወጪ በደረሰኝ ተረጋግጦ ከግብሩ ቢቀነስለት ከተማው አይጎዳም፤ የተጠገነ ቤት ለከተማውም ሀብት ነውና።

የጋራ መኖሪያ ቤቶቹ ነገር ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በገርጂ በሙከራ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ሥራ በኋላ በሰሚት፣ በየካ አባዶና በቦሌ አራብሳ ተስፋፍቶ ብዙ ሺህ ቤተ ሰብ አስጠልሏል፤ የገርጂዎቹ ሕንፃዎች እነሆ ሃያ ዓመት ሆናቸው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ጣሪያውን፣ ደረጃውንና ዋናውን ቧንቧ የሁሉም የጋራ ንብረት አድርጎ፣ አስተዳደሩን ለባለቤቶች ማኅበር ሰጥቷል። በተግባር ግን ብዙው ማኅበር ከጥበቃና ከጽዳት ያለፈ ገንዘብ አያከማችም። ጣሪያው ሲያፈስ የሚበሰብሰው የአራተኛው ፎቅ ነዋሪ ስለ ሆነ፣ ምድር ቤት ያለው መዋጮውን ያዘገያል፤ ምድር ቤቱ በፍሳሽ ሲጥለቀለቅ ደግሞ ላይኛው አይሰማውም። አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ዕጣ የወጣላት እናት ያን ጊዜ የሃምሳ አምስት ዓመት ሴት ነበረች፤ ዛሬ ጉልበቷ ከደረጃው ጋር ይጣላል፣ ጣሪያዋም የራሷ ብቻ አይደለም። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ለጣሪያና ለቧንቧ ብቻ ተለይቶ የሚቀመጥ፣ ለሌላ ነገር የማይነካ መጠባበቂያ በሕግ ግዴታ ቢሆን፣ ይህ ሁሉ ጠብ ወደ ሂሳብ በተለወጠ ነበር።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ አንድ ተቋም መጥፋቱ ነው። የቤትና ቁጠባ ባንክ በ1987 ዓ.ም. የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተብሎ፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሕዶ ስሙ ተረሳ፤ በእርሱ ብድር ቤት የሠሩት ሰዎች ግን በሕይወት አሉ፣ ቤቶቹም አሉ። ዛሬ ለቤት የሚሰጠው ብድር በብዛት ለደመወዝተኛው፣ ገና ብዙ የሥራ ዓመት ለቀረው ሰው የተበጀ ነው። ካርታውን በመያዣነት ሊያቀርብ የሚችለው ጡረተኛ ለአንድ ጣሪያ የሚበቃ ገንዘብ ብቻ ቢፈልግም፣ እንዲህ ያለውን ትንሽ ብድር አዘጋጅቶ የሚጠብቀው መስኮት የለም። ለጥገና ብቻ የሚውል፣ ገንዘቡ ለባለቤቱ ሳይሆን ለዕቃ አቅራቢውና ለተመዘገበው ሠሪ በቀጥታ የሚከፈል፣ ክፍያውም ከጡረታው በትንሹ እየተቈረጠ የሚሄድ፣ ቀሪው ቢኖር ወራሾቹ የሚያወራርዱት ብድር ማዘጋጀት ለአንድ ትልቅ ባንክ ከባድ ነገር አይደለም። የወረዳው የዕድሳት ፈቃድም ክዳን ለመለወጥና ስንጥቅ ለማሰር ለሚጠይቅ አረጋዊ በአንድ ቀን የሚሰጥ፣ ምልልስ የሌለበት ቢሆን ይገባል። ብድሩም ፈቃዱም ጊዜያቸውን ማወቅ አለባቸው፤ ቆርቆሮ የሚነሣው በሚያዝያና በግንቦት ነውና፣ ማመልከቻው እስከ መጋቢት ካልተመለሰ አሮጊቷ ዘንድሮም ባልዲዋን ከጣሪያው ሥር ትደረድራለች።