ደረሰኝ የሌለው ድምር

ሾፌር ነዳጁ ስንት እንደቀረ ለማወቅ ወርዶ ሰልባትዮውን ከፍቶ አያይም፡፡ ከመሪው ፊት ያለችውን ቀስት አየት አድርጎ መንገዱን ይቀጥላል፡፡ ያቺ ቀስትና ጓደኞቿ የተደረደሩበት ሰሌዳ ዳሽቦርድ ይባላል፡፡ ቃሉ ከመኪና ወርዶ ቢሮ ከገባ ሰነባብቷል፡፡ የባንክ ኃላፊ፣ የሆስፒታል ሜዲካል ዳይሬክተር ወይም የትራንስፖርት ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ጠዋት ኮምፒውተሩን ሲከፍት የሚጠብቀው በቀለም ያጌጠ ገጽም ዳሽቦርድ ነው፡፡ የትናንት ሽያጭ ይህን ያህል፣ የተስተናገደ ደንበኛ ይህን ያህል፣ ያልተመለሰ ብድር ይህን ያህል ይላል፡፡

ስብሰባ የሚጠራው፣ በጀት የሚቆረጠው፣ ሠራተኛ የሚሸለመውም የሚገሠጸውም ይህን ገጽ አይቶ ነው፡፡ ይሁን እንጂ ገጹን ከሚመለከቱት ውስጥ ቁጥሩ በምን መንገድ ተጉዞ እዚያ እንደደረሰ የሚያውቀው ጥቂት ነው፡፡ የመኪናዋ ቀስት ብትዋሽ ሾፌሩ ቢበዛ ጀሪካን ይዞ ነዳጅ ፍለጋ ይሄዳል፡፡ የቢሮው ዳሽቦርድ ሲዋሽ ግን የሚበላሸው የሌላ ሰው ኑሮ ነው፡፡ ስለዚህም ጉዳዩ ለኮምፒውተር ባለሙያዎች ብቻ ተትቶ የሚታለፍ አይደለም፡፡

መሀል መንገድ ላይ የጠፉት

ለአብነት እንግሊዝን እንውሰድ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በበረታበት ወቅት በቫይረሱ የተያዙ ሰዎች ቁጥር በየቀኑ በዳሽቦርድ ይፋ ይደረግ ነበር፡፡ ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 ባሉት ቀናት ግን 15,841 በቫይረሱ የተያዙ ሰዎች ከቁጥሩ ውስጥ ሳይገቡ ቀሩ፡፡ ላቦራቶሪዎቹ ሥራቸውን ሠርተዋል፡፡ ለተመርማሪዎቹም ውጤታቸው ተነግሯቸዋል፡፡ ችግሩ የተፈጠረው መሀል መንገድ ላይ ነው፡፡ ከላቦራቶሪ የሚመጣው ውጤት ወደ ማዕከል የሚሸጋገረው በአሮጌው የኤክሴል ፎርማት ነበር፡፡ ይህ ፎርማት ደግሞ ከ65,536 መስመር በላይ አይዝም፡፡ የአንድ ሰው ውጤት ብዙ መስመር ስለሚፈጅ፣ አንዱ ፋይል የሚችለው 1,400 ያህል ሰው ብቻ ሆነ፡፡ ከዚያ በላይ የመጣው በዝምታ ተቆርጦ ቀረ፡፡

ዳሽቦርዱ በነዚያ ቀናት ሁሉ እንደወትሮው አምሮና ደምቆ ይታይ ነበር፡፡ “የገባልኝ ይህን ያህል፣ ያሳየሁት ይህን ያህል፣ ልዩነቱ ይህን ያህል” የሚል ቃል ግን አልወጣውም፡፡ በዚህም የተነሳ ከታመሙት ጋር ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች ፈልጎ የማስጠንቀቁ ሥራ ለቀናት ዘገየ፡፡ በወረርሽኝ ወቅት የጥቂት ቀን መዘግየት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፡፡

ከዚህ የምንማረው፣ ቁጥር ከምንጩ ተነስቶ ገጹ ላይ እስኪደርስ ረጅም ጉዞ እንዳለውና አደጋውም የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በጉዞው ላይ መሆኑን ነው፡፡ የሶፍትዌር አርክቴክቸር የሚሉት ነገር፣ ቃሉ ቢያስፈራም፣ የዚህ መንገድ ካርታ ማለት ነው፡፡ ማን ለማን ያቀብላል? በየት ያልፋል? ምን ይዞ ያልፋል? ቢጠፋስ ማን ያውቃል?

ምንጭ፣ መዝገብ፣ ድምር፣ ገጽ

በደንብ የታሰበበት ዳሽቦርድ ቢያንስ አራት ክፍሎች አሉት፡፡ የመጀመሪያው ምንጩ ነው፡፡ ይህም የገንዘብ ተቀባዩ፣ የካርድ ክፍሉ ወይም የመጋዘኑ ሠራተኛ በየዕለቱ የሚሠራበት ፕሮግራም ነው፡፡ ብዙ ድርጅቶች የሚፈጽሙት የመጀመሪያው ጥፋት ዳሽቦርዱን በቀጥታ ከዚሁ ፕሮግራም ዳታቤዝ ጋር ማገናኘት ነው፡፡ ሲጀመር ርካሽና ፈጣን ይመስላል፡፡ ዳሩ ግን ኃላፊው ከላይ “የዓመቱን ጠቅላላ አሳየኝ” ባለ ቁጥር ኮምፒውተሩ ሚሊዮን መስመሮችን ሲያገላብጥ፣ ከታች መስኮት ላይ ያለው ደንበኛ “ሲስተም ተጨናንቋል” ይባላል፡፡ ድምር የሚሠራበት ቦታ ዕለታዊ ሥራ ከሚሠራበት መለየት ያለበት ለዚህ ነው፡፡

ሁለተኛው መዝገቡ ነው፡፡ ከምንጩ የሚመጣው እያንዳንዱ ድርጊት ሳይነካ፣ ሳይታረም፣ እንደመጣ የሚቀመጥበት ቋት ማለት ነው፡፡ ስህተት ከተገኘ አሮጌው አይፋቅም፤ ማስተካከያው በአዲስ መስመር ይመዘገባል፡፡ የሂሳብ ሠራተኞች ይህን ከኮምፒውተር በፊት ያውቁታል፡፡ የሂሳብ መዝገብ ላይ በላጲስ መፋቅ ነውር ነው፡፡ በተጨማሪም እያንዳንዱ ድርጊት የራሱ መለያ ቁጥር ሊኖረው ይገባል፡፡ ኔትወርክ ተቋርጦ ሲመለስ ቅርንጫፉ አንዱን ግብይት ሁለት ጊዜ ሊልክ ይችላል፡፡ መለያ ቁጥር ካለው ማዕከሉ “ይህንን ተቀብያለሁ” ብሎ ሁለተኛውን ይተወዋል፤ ከሌለው ግን ሁለት ሽያጭ ብሎ ይደምረዋል፡፡

ሦስተኛው ድምሩ ነው፡፡ ኃላፊው ገጹን በከፈተ ቁጥር ከዜሮ እንዳይሰላ በየሰዓቱ ወይም በየሌሊቱ አስቀድሞ ይሰላል፡፡ እዚህ ላይ ብዙ የተማረ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፡፡ አንድ ቅርንጫፍ 900 ደንበኞችን በአማካይ በ10 ደቂቃ፣ ሌላው ቅርንጫፍ ደግሞ 100 ደንበኞችን በአማካይ በ30 ደቂቃ አስተናገዱ እንበል፡፡ የሁለቱ ቅርንጫፎች አማካይ ስንት ነው? አሥርና ሠላሳን ደምሮ ለሁለት ያካፈለ ፕሮግራም 20 ደቂቃ ይላል፡፡ ትክክለኛው ግን 12 ደቂቃ ነው፤ ምክንያቱም 1,000 ደንበኞች በጠቅላላው የጠበቁት 12,000 ደቂቃ ነው፡፡ እንግዲህ በ20 ደቂቃው ተመርቶ ሥራ አስኪያጅ የሚያነሳ ቦርድ አይጠፋም፡፡ መፍትሔው ቀላል ነው፤ አማካዩን ሳይሆን ጠቅላላውን ደቂቃና የደንበኛውን ብዛት ለየብቻ ማስቀመጥ፣ ማካፈሉን መጨረሻ ላይ ማድረግ ነው፡፡ ሰኞም ማክሰኞም የመጣ አንድ ደንበኛም የሁለቱን ቀናት ቁጥር ስለደመርን ሁለት ሰው አይሆንም፡፡

አራተኛው ገጹ ነው፡፡ ሰው የሚያየው ይህንን ብቻ ስለሆነ የሚከፈለውም በአብዛኛው ለዚህ ነው፡፡ እውነቱን ለመናገር ግን ከአራቱ ቀላሉ እሱ ነው፡፡

ትርጉምና ቀን

ድምሩ በትክክል ቢሰላም “ምን ተቆጠረ?” የሚለው ጥያቄ ይቀራል፡፡ እዚያው እንግሊዝ ኦገስት 12 ቀን 2020 ይፋ የነበረው የኮሮና ሟቾች ቁጥር በአንድ ቀን ከ46,706 ወደ 41,329 ወረደ፡፡ ከሞት የተነሳ ሰው የለም፡፡ ቀድሞ በእንግሊዝ ቫይረሱ ከተገኘበት በኋላ በማንኛውም ጊዜ የሞተ ሁሉ ይቆጠር የነበረ ሲሆን፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ በ28 ቀናት ውስጥ የሞተው ብቻ እንዲቆጠር ተወሰነ፡፡ ከ5,000 በላይ ሰው የጨመረውም የቀነሰውም ትርጉሙ ነው፡፡ የሕግ ሰው አዋጅ ሲያረቅ መጀመሪያ የትርጓሜ አንቀጽ የሚያስቀምጠው በዚህ ምክንያት ነው፡፡ “ደንበኛ” ማለት አካውንት የከፈተ ነው ወይስ በዚህ ወር የተጠቀመ? ዳሽቦርዱም የትርጓሜ አንቀጽ ያስፈልገዋል፡፡ ትርጉሙ ሲለወጥም የተለወጠበት ቀን ገጹ ላይ መጻፍ አለበት፡፡

ቀንን ካነሳን በኛ አገር ተጨማሪ ጣጣ አለ፡፡ ብዙ ሲስተሞች ሰዓት የሚመዘግቡት በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ሲሆን የኛ ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማል፡፡ ሳይስተካከል ከቀረ፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ የተደረገ ግብይት ባለፈው ቀን ውስጥ ገብቶ ይደመራል፡፡ የመንግሥት በጀት ዓመትም የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፡፡ በፈረንጆቹ ጁላይ 1 እና በኛ ሐምሌ 1 መካከል አንድ ሳምንት አለ፡፡ ጳጉሜንን የማያውቅ ፕሮግራም የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲያወጣ ከፋይናንስ ክፍሉ ጋር ባይስማማ አይገርምም፡፡

ጤና ሚኒስቴር የሚገለገልበትና በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የሚዘጋጀው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሶፍትዌር የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ያስተናግዳል፡፡ በአሠራሩም ከላይ ላልነው ጥሩ ምሳሌ ነው፡፡ ጤና ጣቢያው ያስገባው ጥሬ ቁጥር በአንድ ሰንጠረዥ ይቀመጣል፤ ለዳሽቦርድ የሚሆነው ድምር ደግሞ በሌላ ሰንጠረዥ፣ በተወሰነ ሰዓት ተሰልቶ ይዘጋጃል፡፡ ስለዚህ አሁን የገባ ቁጥር አሁኑኑ ገጹ ላይ ላይታይ ይችላል፡፡ ይህ ጉድለት አይደለም፡፡ ጉድለት የሚሆነው ገጹ “እስከዚህ ሰዓት ድረስ ያለው ነው” ብሎ ሳይናገር ሲቀር ነው፡፡ ይህን ያህል ጤና ጣቢያ ሪፖርት አላደረገም የሚለውም አብሮ መታየት አለበት፡፡ አለበለዚያ ሪፖርት ያላደረገ ወረዳ በሽታ የሌለበት ወረዳ ይመስላል፡፡

የስሚ ስሚ

በማስረጃ ሕግ “የስሚ ስሚ” የሚባል ምስክርነት አለ፡፡ ምስክሩ ራሱ ያላየውን፣ ከሌላ የሰማውን ሲናገር ማለት ነው፡፡ ዳሽቦርድ በተፈጥሮው የስሚ ስሚ ነው፡፡ ሽያጩን አላየም፤ ታማሚውንም አላየም፡፡ ጥያቄው ሲጠየቅ ዋናውን ምስክር መጥራት ይችላል ወይ የሚለው ነው፡፡

ይህ ሳይሆን ሲቀር የሚደርሰውን በእንግሊዝ ፖስታ ቤት ታይቷል፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በየቅርንጫፉ የተዘረጋው ሆራይዘን የተባለ የሂሳብ ሶፍትዌር ለቅርንጫፍ ኃላፊዎች “ይህን ያህል ገንዘብ ጎድሏል” ይል ነበር፡፡ ኃላፊዎቹ ጉድለቱ የቱ ጋ እንደተፈጠረ ወደኋላ ሄደው የሚመረምሩበት በቂ መንገድ አልነበራቸውም፡፡ በሌላ በኩል በዚያን ጊዜ የነበረው የአገሪቱ ሕግ ተቃራኒው እስካልታየ ድረስ ኮምፒውተር በትክክል ይሠራል ብሎ ይገምት ነበር፡፡ ከ900 በላይ ሰዎች ተፈረደባቸው፤ አብዛኛውንም ክስ የመሠረተው ራሱ ፖስታ ቤቱ ነበር፡፡ ፍርድ ቤት በሶፍትዌሩ ውስጥ ጉድለት እንደሚፈጥሩ የተረጋገጡ ስህተቶች ነበሩ ብሎ የወሰነው በዲሴምበር 2019 ሲሆን፣ በሜይ 2024 ደግሞ ፍርዶቹን በጅምላ የሚሽር ሕግ ወጣ፡፡ የታሰሩትን ዓመታት ግን የሚሽር ሕግ የለም፡፡

በኛም አገር የኤሌክትሮኒክ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም፤ ይህም በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ተደንግጓል፡፡ ተገቢ ነው፡፡ ዳሩ ግን ተቀባይነት ማግኘትና መታመን የተለያዩ ናቸው፡፡ ወደ ምንጩ መመለስ የማይችል ድምር ሠራተኛ ለመክሰስም ሆነ ለማሰናበት መሠረት ሊሆን አይገባም፡፡

ወደ ምንጩ ይመለስ ሲባል ደግሞ ሁሉም ሰው ሁሉን ይይ ማለት አይደለም፡፡ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ የሕግ ጥያቄም ሆኗል፡፡ ስም ባይጻፍም “በዚህ ቀበሌ በዚህ በሽታ የተያዘ፡ 1” የሚል ድምር ጎረቤቱ ሁሉ ሰውየውን እንዲያውቀው ያደርጋል፡፡ ስለሆነም እጅግ ትንንሽ ቁጥሮች መሸፈን፣ ዝርዝሩን የከፈተ ሰውም ማን እንደሆነና መቼ እንደከፈተ መመዝገብ አለበት፡፡

ውሉ ላይ ከመፈረም በፊት

ዳሽቦርድ የሚያሠራ ድርጅት አቅራቢው ስለ ቀለሙና ስለ ግራፉ ሲያሳየው ከማጨብጨቡ በፊት እነዚህን በውሉ ውስጥ ያስገባ፡፡ አንደኛ፣ ማንኛውም ድምር ሲጫኑት እስከ መጨረሻው ደረሰኝ ድረስ ይከፈት፡፡ ሁለተኛ፣ ከምንጩ የወጣውና ገጹ ላይ የደረሰው በየቀኑ ይመሳከር፤ ልዩነት ካለ ሲስተሙ ራሱ ይጩህ፡፡ ሦስተኛ፣ የእያንዳንዱ ቁጥር ትርጉምና የተሰላበት ሰዓት ገጹ ላይ ይጻፍ፡፡ አራተኛ፣ ጥሬው መዝገብ የድርጅቱ ንብረት ይሁን፤ አቅራቢው ቢለወጥ ድምሩን ከመጀመሪያው መሥራት እንዲቻል፡፡ አምስተኛ፣ ማን ምን ማየት እንደሚችል በጽሑፍ ይወሰን፡፡

ይህ ሁሉ ገንዘብና ጊዜ እንደሚጠይቅ ግልጽ ነው፡፡ ወጪ መቀነስ ያለበት ግን ከመዝገቡ ሳይሆን ከፍጥነቱ ነው፡፡ በወር አንድ ጊዜ ለሚሰበሰብ ቦርድ በየሴኮንዱ የሚለዋወጥ ቁጥር ምን ይሠራለታል? የትናንት ማታ ትክክለኛ ቁጥር ከዚህች ደቂቃ አጠራጣሪ ቁጥር ይሻላል፡፡

በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ በግድግዳው ላይ ቁጥር ሲበራ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ “ይህ ከየት መጣ?” ብሎ ይጠይቅ፡፡ መልሱ “ሲስተሙ ነው ያለው” ከሆነ ገና መልስ አልተሰጠም፡፡