ካራቫን ወይም ባለ ጎማ ኪችን ለመጎተት የትኛው ፎርዊል መኪና ይሆናል? ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ካራቫን ጎትተው ሐይቅ ዳር የሚያድሩ ሰዎችን ቪዲዮ በስልካችን ያላየን የለንም። እኛ ሀገር ካራቫን ገና ብርቅ ነው። የሚጎተት ነገር ግን እየበዛ ነው፦ ቡና የሚፈላበት፣ በርገር የሚጠበስበት፣ ጁስ የሚጨመቅበት ባለ ጎማ ቤት። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ብዙ ሰው ሱቁንም ሰፈሩንም ለቋል። «ተከራይቼ ነገ ተነስ ከምባል፣ ቤቴን በጎማ አድርጌው ለምን አልዞርም?» የሚል ወጣት ቢኖር አይገርመንም።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ተጎታቹ ነው፤ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ስሙ፣ ስለ ሜኑው። የሚጎትተው መኪና መጨረሻ ላይ ይታሰባል። «ቪታራ አለን አይደል? በሱ እንጎትተዋለን» ይባልና ያልቃል። ከዚያ ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ አፍንጮ በር በሚወጣው ዳገት መሀል መኪናው ይቆማል። ፍሪሲዮኑ ይጨሳል፣ ከኋላ ታክሲ ክላክስ ያደርጋል፣ በእግረኛው መሀል ደግሞ አንድ ቶን ብረት ወደ ኋላ መንሸራተት ይጀምራል። እዚህ ጋ የሚጠፋው የዕቁብ ብር ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ዛሬ ሂሳቡን ቀለል አድርገን እንይ።

🔹 መጀመሪያ ተጎታቹን መዝኑ

መኪና ከመምረጣችሁ በፊት የምትጎትቱት ነገር ሞልቶ ስንት ኪሎ እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ። ባዶውን አይደለም፣ ሞልቶ።

ምሳሌ እንውሰድ። የተበየደው ባለ ጎማ ኪችን ባዶውን 600 ኪሎ ነው እንበል። 200 ሊትር ውሃ ስትሞሉበት 200 ኪሎ ጨመራችሁ፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ፍሪጅ፣ ጄኔሬተር፣ የቡና ማሽን፣ ሁለት የጋዝ ሲሊንደር፣ ዕቃና ግብዓት ሲደመር ሌላ 300 ኪሎ በቀላሉ ይሞላል። 600 የነበረው 1,100 ሆነ ማለት ነው። ትንሽ ባለ ሁለት ሰው ካራቫንም ዕቃው ሲገባበት ከዚህ ብዙም አይርቅም። ለቤተሰብ የሚሆነው ደግሞ 1,500 ኪሎን ያልፋል።

በግምት አትሂዱ። የጭነት መኪና የሚመዘንበት ሚዛን ላይ አንዴ አውጡትና ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ያዙት።

🔹 ከመኪናው መጽሐፍ የሚፈለጉ ሦስት ቁጥሮች

ደላላ «ይሄ መኪና ተራራ ይጎትታል» ቢላችሁ ሳቁና ማኑዋሉን ጠይቁ። መጽሐፉ ከጠፋ በመኪናው ሞዴልና ዓመት ኢንተርኔት ላይ ይገኛል።

1. የመጎተት አቅም። ሁለት ዓይነት ነው፦ የራሱ ፍሬን ላለው ተጎታችና ለሌለው። ልዩነቱ በጣም ሰፊ ነው። ለምሳሌ አዲሱ ሱዙኪ ጂምኒ በአውስትራሊያ የተፈቀደለት ፍሬን ላለው 1,300 ኪሎ፣ ለሌለው ግን 350 ኪሎ ብቻ ነው። አውሮፓ ውስጥ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተጎታች የራሱ ፍሬን ከሌለው መንገድ ላይ አይወጣም። እዚህ ተበይዶ የሚሠራው ፍሬን አለው ወይ? ለሠሪው የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን።

2. መንጠቆው ላይ የሚያርፈው ክብደት። ተጎታቹ ሙሉ ክብደቱ በራሱ ጎማ ላይ አያርፍም፤ ከፊሉ የመኪናውን ጀርባ ይጫናል። ብዙውን ጊዜ ከጠቅላላው 10 በመቶ አካባቢ ቢሆን ይመከራል። ለ1,200 ኪሎ ተጎታች 120 ኪሎ ማለት ነው። በጣም ካነሰ ተጎታቹ ፍጥነት ላይ እንደ ጅራት መወዛወዝ ይጀምራል፤ በጣም ከበዛ የመኪናው ፊት ቀለል ብሎ መሪው አልታዘዝም ይላል። ከባድ ዕቃ ከታችና ከተጎታቹ ጎማ በላይ፣ መሀል ላይ ይቀመጥ።

3. መኪናው ራሱ የሚሸከመው። ይህቺን ብዙ ሰው ይረሳታል። መንጠቆው ላይ ያረፈው 120 ኪሎ እንደ ጭነት ይቆጠራል። አምስት ሰው በ70 ኪሎ ሂሳብ 350 ነው። ድምሩ 470። መኪናው የሚሸከመው 450 ከሆነ ገና ሻንጣ ሳትጭኑ አልፋችኋል።

ለጀማሪ የሚመከር አንድ ቀላል ሕግም አለ፤ እንግሊዞች ካራቫን ጎታቾች ይጠቀሙበታል። የተጎታቹ ክብደት ከመኪናው ባዶ ክብደት 85 በመቶ አይብለጥ። ጂምኒ ወደ 1,100 ኪሎ ነው የሚመዝነው፤ 85 በመቶው 935 ነው። ወረቀቱ 1,300 ቢልም ለጀማሪ ሹፌር ልኩ 935 ነው። ቀላል መኪና በከባድ ተጎታች ሲገፋ ማን ማንን እንደሚመራ አይታወቅም።

🔹 ዳገቱና አየሩ

የአዲስ አበባ ጉዳይ እዚህ ጋ ይመጣል። 10 ሜትር ስትሄዱ 1 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት አስቡ። 1,800 ኪሎ መኪናና 1,200 ኪሎ ተጎታች አንድ ላይ 3,000 ኪሎ ናቸው። በዚህ ዳገት ላይ 300 ኪሎ ወደ ኋላ ይጎትታችኋል። ሞተሩ ገና ወደ ፊት ሳይሄድ መጀመሪያ ይህን 300 ኪሎ ማሸነፍ አለበት።

ሁለተኛው ነገር አየር ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። 100 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛው መኪና አፍንጮ በር ላይ 75 ገደማ ሆኖ ነው የሚያገለግላችሁ። እንጦጦ ሲወጣ ደግሞ ይብሳል። ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉዳቱ ያነሰ ነው። ስለዚህ ለጎታች ቱርቦ ያለው ናፍጣ ከተገኘ ይመረጣል። ናፍጣ ሞተር ገና በዝቅተኛ ዙር ጉልበት ይሰጣል፤ ዳገት ላይ ቆሞ ለመነሳት የሚያስፈልገውም እሱ ነው።

አውሮፓ ውስጥ የመጎተት አቅም የሚጻፈው መኪናው 12 በመቶ ዳገት ላይ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አምስት ጊዜ ቆሞ መነሳት ከቻለ ነው። ብዙ ማኑዋሎች ደግሞ በየ1,000 ሜትር ከፍታ የመኪናና የተጎታች ድምር ክብደት በ10 በመቶ ይቀነስ ይላሉ። በኛ ከፍታ ከ20 በመቶ በላይ ቀንሱ ማለት ነው። መጽሐፉ ድምሩ 4,000 ኪሎ ድረስ ይችላል ካለ፣ እናንተ 3,100 ብላችሁ ያዙት።

🔹 ፎርዊል ለምን ያስፈልጋል?

ብዙ ሰው ፎርዊል ከሆነ የበለጠ ይጎትታል ብሎ ያስባል። ጉልበቱ የሞተሩ ነው፤ ፎርዊል የሚጨምረው ጎማው መሬቱን መያዙን ነው። መኪናው በፊት ጎማ ብቻ የሚነዳ ከሆነ ተጎታቹ ከኋላ ሲጫነው ፊቱ ይቀላል። በዝናብ፣ በኮብልስቶን ዳገት ላይ የፊት ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል። ላንጋኖ ዳር ሣር ላይ አድራችሁ ጠዋት መውጣት ስትፈልጉም ያው ነው።

ፎርዊል ስትገዙ ሁለት ነገር ለዩ፦

▪️ ከባድ ማርሽ ወይም «ሎው» ያለው ነው ወይ? ሂሉክስ፣ ፕራዶ፣ ጂምኒና ድሮ የምናውቃቸው ቪታራዎች አላቸው። ራቭ ፎር የለውም። ሎው ማለት መኪናው ቀስ ብሎ ግን በብዙ ጉልበት የሚሄድበት ማርሽ ነው። ፍሪሲዮን ሳታቃጥሉ ከዳገት ያስነሳችኋል።

▪️ በእጅ የሚገባ ፎርዊል ነው ወይስ ሁሌም የሚሠራ? በእጅ የሚገባውን በደረቅ አስፋልት ላይ አታስገቡ። የፊትና የኋላ ጎማ መታጠፊያ ላይ የሚሄዱት ርቀት ስለሚለያይ ጊርና ዲፈረንሻል ይጎዳል። እሱ ለጭቃ፣ ለጠጠርና ለሚያንሸራትት መንገድ ነው።

🔹 እሺ፣ የትኛው ይሻላል?

ከታች ያሉት የኪሎ ቁጥሮች የራሱ ፍሬን ላለው ተጎታችና ለቆላማ ሀገር መጽሐፍ ናቸው። የከፍታውን ቅናሽ ራሳችሁ ጨምሩ።

✅ ቶዮታ ሂሉክስ፣ ባለ ሁለት ጋቢና ናፍጣ ፎርዊል፦ በቅርብ ሞዴሎች እስከ 3,500 ኪሎ። ሻንሲ አለው፣ ሎው አለው፣ ዕቃው በየጋራዡ ይገኛል። ለሥራ ለሚጎትት ሰው ቀዳሚ ምርጫችን ነው።

✅ ላንድክሩዘር ፕራዶ 150 ናፍጣ፦ እስከ 3,000 ኪሎ። ቤተሰብ ይዞ ካራቫን ለሚጎትት ይመቻል። ችግሩ ዋጋው ነው።

⚠️ የድሮው ቪታራ፦ ሻንሲና ሎው አለው፣ ግን ቀላል ነው፤ ብዙዎቹም ቱርቦ የሌለው ቤንዚን ናቸው። ከ600 እስከ 700 ኪሎ ለሆነ ትንሽ የቡና ተጎታች፣ ያውም አጭር መንገድ ለሚሄድ ሰው፣ እንላለን። ለካራቫን አይሆንም።

⚠️ ጂምኒ፦ ጎበዝ ትንሽ መኪና ነው። ጉብዝናው ግን ጭቃ ላይ እንጂ ክብደት መጎተት ላይ አይደለም።

❌ ከውጭ ፎርዊል የሚመስል ግን በፊት ጎማ ብቻ የሚነዳ መኪና፦ ከፍ ማለቱ አያታላችሁ። ከኋላ የተለጠፈውን ጽሑፍ ሳይሆን ከሥር ገብታችሁ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄድ ዘንግ መኖሩን እዩ።

🔹 ኤሌክትሪክስ?

ጥያቄው ቀልድ አይደለም። መንግሥት ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ማገዱን አሳውቋል። ስለዚህ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ዓይኑ ኤሌክትሪክ ላይ ነው።

ጥሩው ነገር፦ ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም። አፍንጮ በርም ሆነ እንጦጦ ጉልበቱ ያው ነው፤ ከቆመበት ሲነሳም ብርቱ ነው። መጥፎው ነገር፦ የመጎተት ፈቃዱ ትንሽ ነው። አውሮፓ ውስጥ ቢዋይዲ አቶ 3 እና የመጀመሪያው ቶዮታ ቢዚ ፎር ኤክስ 750 ኪሎ ብቻ ነው የሚፈቀድላቸው። እኛ ጋ የገቡት ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። መጽሐፋቸው ላይ የመጎተት ቁጥር ከሌለ አትጎትቱባቸው፤ ባትሪው ከሥር ስለሆነ መንጠቆ ለመበየድም ከሥር አትነካኩ።

ሌላው ርቀት ነው። ተጎታች ሲጨመር አንድ ቻርጅ የሚያስኬደው ርቀት ከሲሶ እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ከተማ ውስጥ ቀላል የቡና ተጎታች ለሚያዞር ሰው ያዋጣል። ካራቫን ይዞ ሐዋሳ ለሚወርድ ግን ገና ነው።

🔹 ወጣን፣ እንዴት እንወርዳለን?

ስለ መውጣት ብዙ ይወራል፤ ሰው የሚገድለው ግን ቁልቁለቱ ነው። ከጎሐ ፅዮን እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። እዚያ ላይ ፍሬን ረግጣችሁ ከያዛችሁ ፍሬኑ ይግላል፣ ይሸታል፣ በመጨረሻም አይዝም። ስትወርዱ በወጣችሁበት ከባድ ማርሽ ውረዱ፤ ሞተሩ ይያዛችሁ። ፍሬን ረገጥ አድርጋችሁ ልቀቁ፣ እንደገና ረገጥ። በኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ባትሪው መቶ በመቶ ሞልቶ ቁልቁለት አትጀምሩ፤ የሞላ ባትሪ መቀበል ስለማይችል መኪናው በሞተሩ መያዝ ያቅተዋል።

ዳገት ላይ ስታቆሙ የእጅ ፍሬን ብቻ አትመኑ። የመኪናውም የተጎታቹም ጎማ ሥር ታኮ አድርጉ። ኪችኑ ሥራ ላይ ሲሆን ሰው ከፊቱ ቆሞ እንደሚበላ አትርሱ።

🔹 ያገለገለ መኪና ስትገዙ

📌 መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩ የሚያመጣውን ሳይሆን የራሳችሁን።
📌 ሻንሲው ላይ የብየዳ ወይም የስንጥቅ ምልክት ፈልጉ። መንጠቆው ሻንሲ ላይ መታሰር አለበት፤ ፓራውልት ላይ የተበየደ መንጠቆ ከነተጎታቹ ይነቀላል።
📌 አራት ጓደኛ ጫኑና ዳገት መሀል አቁማችሁ አስነሱት። ፍሪሲዮን ከሸተተ ወይም የሙቀቱ መርፌ ከወጣ አመስግናችሁ ውጡ።
📌 ፎርዊሉንና ሎውን ጠጠር ላይ አስገብታችሁ ሞክሩ። ለዓመታት ያልተነካ ፎርዊል ብዙ ጊዜ አይገባም።
📌 ከመንጠቆው ሌላ የጥንቃቄ ሰንሰለት፣ ለተጎታቹም የፍሬንና የፍሬቻ መብራት ይኑር።
📌 ተጎታቹን ከማሠራታችሁ በፊት ስለ ታርጋውና ስለ መንጃ ፈቃዳችሁ መንጃና ተሽከርካሪ ቢሮ፣ ስለ ማቆሚያው ቦታ ደግሞ ወረዳችሁን ጠይቁ። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ «አይቻልም» መባል ያማል።

ባጭሩ፦ ተጎታቹን ሞልታችሁ መዝኑ፣ የከፍታውን ቅናሽ ቀንሱ፣ ከዚያ መኪና ፈልጉ። አብዛኛው ሰው በተቃራኒው ሄዶ ነው የሚከስረው። ብሩ ለሂሉክስ ካልደረሰ ደግሞ ተጎታቹን ትንሽ አድርጉት። 500 ኪሎ የሆነች ንጹሕ የቡና ጋሪ ዳገት መሀል ከቆመ ትልቅ ሬስቶራንት ትሻላለች።

እናንተስ ምን ለመጎተት አስባችኋል? በስንት ኪሎ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ ሂሳቡን አብረን እንሥራ። መኪና ሊገዛ ላሰበ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።