ልጄ ተከትቧል፤ ኩፍኝ እንደገና ለምን ይወጋል?

ዛሬ የምንነጋገረው እናቶች በክትባት ሰልፍ ላይ ደጋግመው ስለሚያነሱት ጥያቄ ነው፦ «ልጄ የኩፍኝ ክትባት ወስዷል፤ ደግሞ ለምን?» መልሱን ለማግኘት ሰውነታችን በሽታን እንዴት እንደሚከላከል ማወቅ ይጠቅማል።

በደማችን ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች የሚባሉ ጠባቂዎች አሉ። አንዳንዶቹ ያገኙትን ጀርም ሁሉ ያጠቃሉ። ሌሎቹ ግን እያንዳንዳቸው አንድ ዓይነት ጀርም ብቻ ለይተው ያውቃሉ። አዲስ ጀርም ሲገባ እሱን የሚያውቁት ጥቂት ስለሆኑ መጀመሪያ መራባት አለባቸው፤ ይህም አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ልጅ ሲታመም በአንገቱ ወይም በብብቱ ንፍፊት የሚወጣውም ብዙውን ጊዜ ሴሎቹ እዚያ ስለሚራቡ ነው። ከበዙ በኋላ ገሚሶቹ በጀርሙ የተያዙትን የሰውነት ሴሎች ይገድላሉ፤ ገሚሶቹ ደግሞ አንቲቦዲ የሚባል፣ ጀርሙ ላይ ተጣብቆ የሚያግደውን ነገር ይሠራሉ።

በሽታው ሲያልፍ አብዛኞቹ ይሞታሉ። ጥቂቶቹ ግን ያንን ጀርም እያስታወሱ ይኖራሉ። ለስንት ዓመት? እ.ኤ.አ. በ1846 በሰሜን አትላንቲክ በሚገኙት የፋሮ ደሴቶች ኩፍኝ ገብቶ ከ7,800 ያህል ነዋሪዎች ከ6,000 የሚበልጡት ታመሙ። ፓኑም የተባለ የዴንማርክ ሐኪም እንደመዘገበው፣ ከ65 ዓመት በፊት በ1781 ኩፍኝ ይዟቸው ከነበሩት አረጋውያን ግን አንድም አልታመመም።

«እንግዲያው ይታመምና ይለፍለት» የምትሉ ትኖራላችሁ። እዚህ ላይ ነው አደጋው። የኩፍኝ ቫይረስ የሚያጠቃው እነዚያኑ የሚያስታውሱትን ሴሎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ኩፍኝ የያዛቸው ልጆች ቀድሞ ከነበራቸው ልዩ ልዩ አንቲቦዲ ከ11 እስከ 73 በመቶ እንዳጡ አሳይቷል። ልጁ ከኩፍኙ ድኖ ከወራት በኋላ በሳንባ ምች ሊወድቅ የሚችለው ለዚህ ነው። ክትባቱ ግን የተዳከመ ቫይረስ ስለሆነ ይህን ጉዳት ሳያደርስ ሴሎቹን ያስተምራል።

ታዲያ ሁለት ጊዜ ለምን? በ9 ወራቸው ከሚከተቡ 100 ልጆች መከላከያ የሚያገኙት 85 ያህሉ ናቸው። አንዱ ምክንያት እናት በእርግዝና ለልጇ ያቀበለችው አንቲቦዲ ገና ሳያልቅ ቀርቶ ክትባቱን ስለሚያከሽፈው ነው። ወረርሽኝ ሲያሰጋ በ6 ወር የሚሰጠውማ ከቁጥር አይገባም፤ ካርድ ላይ ቢጻፍም የ9 ወሩና ሁለተኛው ይቀራሉ። ሁለተኛው በኬንያ በ18 ወር፣ በኢትዮጵያ በ15 ወር ስለሆነ ከአገር ቤት ይዛችሁት የመጣችሁት ካርድ ቢለያይ አትደናገጡ።

ኩፍኝ የያዘውን ልጅ ቤት አቆይቶ ቡና እያፈሉ ማስታመም የቆየ ልማዳችን ነው። ከሌሎች ልጆች መለየቱ መልካም ነው። ሆኖም ወደ ክሊኒክ አምጡት፤ ሁለት ቀን በተከታታይ ቫይታሚን ኤ ይሰጠዋል። ካርድ የጠፋባችሁም ሳትፈሩ ኑ፤ ሦስተኛ ጊዜ መከተብ ልጁን አይጎዳውም።